ባዶውን ያደረ ጉድጓድ

ጨፌ ሮቢን አታውቋትም፤ አልፈርድባችሁም። ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ የሚወጣ መኪና ድሮ በመሃላችን ነበር የሚያልፈው፤ አዲሱ መንገድ ሲጠረግ ግን በታች በመስኩ በኩል ዞረና እኛን ከነሻይ ቤቴ ጋራው ላይ ትቶን ሄደ። አሁን ከመገንጠያው ቆሞ ቀና ላለ ሰው የሚታየው የሚካኤል ጉልላትና ከአጥሩ ማዶ ያለው የወንጌላውያኑ መቃብር ነው። ከሁለቱ በታች ከተማ ነበረ። እኔ፣ ባየሽ፣ ተወልጄ ያደግሁበት፣ አግብቼ የወለድሁበት፣ ለሹፌርም ለዳኛም ለሌባም ሻይ ያፈላሁበት ከተማ።

ልጄ ለንሳ ይሄን ነገር ባነሳሁ ቁጥር፣ ተይው እማዬ ግፊትሽ ይነሳል ትለኛለች። ነርስ ስለሆነች ነገር ሁሉ ግፊት ይመስላታል። ይነሳ። አባቷ እንዴት እንደሞተ እኔ ካልተናገርሁ ማን ሊናገርልኝ ነው? እነዚያ በመኪና የመጡት?

ባሌ ጋሮማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የኔ አያቶች ከመንዝ መጥተው የሰፈሩ የሚካኤል ሰዎች ናቸው፤ የሱ ወገኖች እዚያው አገር የበቀሉ፣ ወንጌል የተቀበሉ። ስንጋባ ከሁለቱም በኩል ያላኮረፈ አልነበረም። እሁድ እሁድ እሱ ወደ ጸሎት ቤቱ፣ እኔ ወደ ታቦቴ እንሄድና ምሳ ላይ እንገናኛለን፤ የማን አምላክ ቶሎ እንደሚለቅ እየተቀላለድን እንበላለን። ደግ ሰው ነበር። ግን አንዴ ጭንቅላቱ ውስጥ የገባ ሐሳብ በጉጠትም አይወጣም።

ከተማችን መሳሳት የጀመረችው ደርግ በወደቀ ዓመት ነው። መጀመሪያ ወታደሩ ካምፑን ጥሎ ተበተነ፤ ከሱ ጋር ጠጅ ቤቶቹ ተዘጉ። ቀጥሎ ወረዳው እንደገና ሲሸነሸን ጽሕፈት ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ደመወዝተኛው ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ከዚያ መንገዱ። ከመንገዱ በኋላ የሮብ ገበያችን ወደ መገንጠያው ወረደ፤ ስማችን ራሱ ከሮብ ገበያ የመጣ፣ ገበያው ግን ሌላ ቦታ፣ ይታያችሁ። ሰው እንደ ጥርስ ነው፣ አንዱ ሲወልቅ ጎረቤቱ ይነቃነቃል። ዛሬ ልብስ ሰፊው ሄደ ሲሉኝ፣ በሳምንቱ ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል። ጠዋት ሻይ ቤቴን ስከፍት ቀድሞ የማየው የሰው ፊት ነበር፤ በኋላ የተቆለፈ በር ሆነ።

በዚህ መሃል ከዞን አንድ ባለሙያ መጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ሰቀለ። ጨፌ ሮቢ በሃያ ዓመት እጥፍ ትሆናለች ተብሎ መናኸሪያው በቀይ፣ ስታዲየሙ በሰማያዊ ተቀብቷል። ስታዲየሙ ያረፈው የኛ ድንች ማሳ ላይ ነበር። ጋሮማ ካርታው ፊት ቆሞ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ሳቁ ጠፍቶ ራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። ሁሉም ለሚያድግ ከተማ ካርታ ይስላል አለኝ፤ እያነሰ ላለ ከተማ የሳለ ግን አላየሁም፣ እያነሰ ያለ ከተማም እኮ ሰው ይኖርበታል።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለውም። በበጋው ሁለቱን እድሮች፣ የሚካኤሎቹንና የወንጌላውያኑን፣ በአንድ ላይ ሰበሰበና ተነስቶ እንዲህ አለ፦

"ትንሽ ከተማ መሆን ነውር አይደለም። ነውሩ ትልቅ እየመሰልን መሞት ነው። እንሰብሰብ።"

እውነቱን ልናገር፣ ሠርቶለታል። ታችኛው ሰፈር ውስጥ ተራርቀው የቀሩት ቤተሰቦች ወደ ላይ መጥተው ሰው በለቀቃቸው ቤቶች ገቡ። በታች በኩል በከንቱ የሚፈሰው የውኃ ቧንቧ ተዘጋና ላይኛው ቦኖ ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ አገኘ። የፈረሱት ቤቶች ቆርቆሮ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሆነ። ታችኛው ሰፈር የድንችና የገብስ እርሻ ሆኖ ለምለም ሲል ሳየው፣ እኔ በነገር የማልሸነፈው ባየሽ፣ ባሌ ልክ ነው ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። ሁለቱ እድሮችም አንድ ሆኑ። ጋሮማ ዳኛ፣ በድሉ ጡሩምባ ነፊ። በድሉ ያኔ ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ነበር፤ ጡሩምባውን ሲነፋው የጎጆ በግ ሁሉ ይደነብራል ብለን እናሾፍበት ነበር።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ዓብዲሳ መጣ።

ዓብዲሳ የጎረቤታችን የኦቦ ዋቅቶላ ልጅ ነው። ቡራዩ ወርዶ የብረታ ብረት መደብር ከፍቶ ሰውነቱ ሰፍቷል። አባቱን ሊጠይቅ በመጣበት ለጋሮማ ሐሳብ አቀረበ፤ ከተማውን የለቀቅን ሰዎች ከእድሩ አትሰርዙን፣ መዋጮአችንን እጥፍ አድርገን እንልካለን፣ እናንተ ደግሞ ስንሞት አገራችን አፈር አግቡን፣ ሌላ ምንም አንፈልግም። የሰው አገር አፈር ይከብዳል አለ። ጋሮማ ዓይኑ በራ። የሄደው ሰው ባይመለስ እንኳ በዚህ ገመድ ታስሮልን ይቆያል ብሎ አሰበ። በጉባኤውም ጸደቀ፤ አንድም የተቃወመ አልነበረም። ለቅሶ ላይ መድረስ ለማይችል ደግሞ መቅጫ ከፍሎ ይቅርታ ይደረግለታል ተባለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፣ ያኔ ግን ማናችንም ብብታችንን አላየንም።

ለጥቂት ዓመታት ደስ ይል ነበር። ገንዘቡ በአውቶብስ ሹፌር እጅ ይመጣል፤ አዲስ ድንኳን ተገዛ፣ ወንበር ተገዛ፣ ቦኖው ተጠገነ፣ መምህራን እንዳይለቁ ከእድሩ ድጎማ ተቆረጠላቸው። ከአዲስ አበባ፣ ከአምቦ፣ ከጉደር ሬሳ ሲመጣ ሰው ተከትሎ ይመጣል፤ ሻይ ቤቴ ይሞላል፣ ዳቦ አያደርስም። ከተማችን በለቅሶ ቀን ከተማ ትመስል ነበር። ጋሮማ በሰው መሃል እየዞረ የድሮ ተማሪዎቹን ጭንቅላት ሲዳብስ እንደ ሠርግ ይፈካ ነበር፤ ነገ ሁሉም ተጭኖ እንደሚሄድ እያወቀ።

ሲውል ሲያድር ግን ነገሩ ገባኝ። ወደ ጨፌ ሮቢ የሚመጣ አዲስ ሰው የለም፤ የሚመጣው ሬሳ ብቻ ነው። የሚሄደው ደግሞ ቆፋሪው። ጎረምሳው ትምህርቱን ሲጨርስ ከተማው የሚሰጠው ሥራ ዶማ ብቻ ሆነ። ዛሬ ከቡራዩ የመጣ ይቀበራል፣ ከነገ ወዲያ ከአምቦ ሆስፒታል፤ ጠዋት ማሳው ሊወርድ ሲል ጡሩምባ፣ ከሰዓት አጨዳ ላይ እያለ ጡሩምባ። የማያውቁትን ሰው ጉድጓድ እየቆፈሩ ወጣትነታቸው ሊያልቅ ነው። እነሱም ሞኝ አይደሉም። አንዱ የአጎቱን ልጅ ተከትሎ ሄደ፣ ሌላው ወደ ግንባታ ሥራ። የሄደው ሁሉ ከሩቅ ሆኖ መዋጮውን መላክ ይጀምራል፤ እሱም በተራው ስሞት ቅበሩኝ ባይ ይሆናል። እድሩ እየደለበ ከተማው ይከሳል። ሒሳቡን ያላየው ሒሳብ የማይከብደው ባሌ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ነገርኩት። እኛ እኮ የሰው ከተማ ማቆየት ቀርቶ የመቃብር ዘበኛ ሆነናል አልኩት። ለቀባሪ አረዱት አለኝና ሳቀ። ከልብ ያልመጣ ሳቅ ነበር።

ያኔ እኔን ያሳሰበኝ ከተማው አልነበረም፤ ከተማው የራሱ ጉዳይ። የሚያሳስበኝ የጋሮማ ደረት ነበር። ጡረታ ወጥቷል፣ ጸጉሩ ነጭቷል፣ ዳገት ሲወጣ ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ ቆሞ ደግሞ ገብሱን የሚያይ ይመስላል። ለንሳ አምቦ ሆስፒታል ወስዳ አስመረመረችውና ልብህ ደክሟል፣ ከባድ ነገር አታንሳ አሉት። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ዶማውንም ያነሳል። የቀሩት ቆፋሪዎች በድሉና ከሱ ጋር ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ ዳኛ ሆኜ ቆሜ ልያቸው? ይለኛል። ለንሳ አምቦ ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታ ስትጠብቀን ስንት ጊዜ ለመንሁት። ተንበርክኬም ለምኜዋለሁ፤ እኔ ለታቦት ካልሆነ ለማንም አልንበረከክም። ትምህርት ቤቱ ይህን ዓመት ይለፍ ይላል። ዓመቱ ሲያልፍ ቦኖው ይላል። እንደማጣው እያወቅሁ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን አቀርባለሁ፤ ይህን የመሰለ ቅጣት ለጠላቴም አልመኝ።

ከዚያ በድሉ ሄደ። ጉደር ካምፓስ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ሊሰናበተን ሲመጣ ጡሩምባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቀና ብሎ አላየኝም። ጋሮማ አልተቆጣውም፤ መርቆ ሸኘው። እኔ ግን በድሉ እግሩ ከደጃፌ ሲወጣ ጡሩምባውን አንስቼ ሳጥን ሥር ወሸቅሁት፤ ዓይኔ ላይ እንዲሆን አልፈለግሁም።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ፣ አፈሩ ሁሉ ጭቃ በሆነበት፣ ከቡራዩ ስልክ ተደወለ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ልጁ ዘንድ ሄዶ የነበረው ኦቦ ዋቅቶላ አርፏል፣ ነገ ከሰዓት ይዘነው እንመጣለን አለ ዓብዲሳ። ጋሮማ ወዲያው ዶማውን አነሳ። ከወንጌላውያኑ በኩል ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኛ በኩል የሚካኤል ዲያቆን የነበረ አንድ አዛውንት ሆነው ወጡ። ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ሦስቱ አጥር ተደግፈው ያለከልካሉ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የኔ ባል ነው። እስከ ደረቱ ገብቷል፣ ሸሚዙ ከጭቃው አይለይም። ውጣ አልሁት። ኦቦ ዋቅቶላ ስንጋባ ሽማግሌ ሆኖ የሄደልኝ ሰው ነው፣ ለሱ ካልቆፈርሁ ለማን ልቆፍር ነው ብሎ ቀጠለ።

በማግስቱ ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ወንጌላዊው ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ጠበቅን። ዝናቡ ይዘንባል፤ እኛ እንጠብቃለን። ወደ አመሻሹ ዓብዲሳ ከመገንጠያው ደወለ። መኪናው ጭቃውን አይወጣም፣ አብረውት የመጡት ሰዎች በርካታ ናቸው፣ ሴቶቹ በዚህ ዝናብ ዳገቱን አይችሉም፤ ስለዚህ ተመካክረን ወደ ቡራዩ ልንመልሰው ነው፣ እዚያ ቦታ ይገኛል፣ ለድካማችሁ እድሩ የሚለውን መቅጫ እከፍላለሁ አለ። ጋሮማ በትከሻ እናወጣዋለን፣ ቃሬዛ ይዘን እንውረድ ብሎ ሲለምነው ሰማሁት። ስልኩ ተዘጋ። የሰው አገር አፈር የሚከብደው ለካ ዝናብ እስኪዘንብ ነው።

አሁን የምነግራችሁን የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወንጌላዊም ይሁን የታቦት ሰው፣ አላምንም ይበል እንጂ ያደርገዋል። የተቆፈረ ጉድጓድ ባዶውን አያድርም። ሬሳው በሆነ ምክንያት ሳይመጣ ከቀረ፣ አንድ ጉቶ በቁራጭ ሸማ ይጠቀለልና በዚያው ሰው ስም ይቀበራል፣ ጉድጓዱም ይደፈናል። ካልተደፈነ ሰው ይጠራል ነው የሚባለው። እናቴ ታደርገዋለች፣ የጋሮማ እናትም ታደርገው ነበር። ሽማግሌዎቹ ጉቶ ፍለጋ ሲነሱ ጋሮማ ከለከላቸው።

"ይህን ያህል ጉልበት ፈሶበት አፈር አልመልስበትም። ቆፋሪ እንደሌለን እያወቃችሁ! ከድነን እናቆየው። ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል።"

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ በሰው ፊት፣

"የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አልሁት።

እሱ ግን  ይህ ባዕድ አምልኮ ነው፣ ከተማ የሚቆየው ያለውን ሳያባክን ሲጠቀም ነው ብሎ፣ ከፈረሰ ቤት የተረፈ ቆርቆሮ አምጥቶ ጉድጓዱን ከደነና በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫነበት። ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰበት ብልሃት መሆኑ ነው። ሲጨርስ እጁን በሱሪው እየጠረገ ዳገቱን ወረደ፤ ሁለት ጊዜ ቆመ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ቤት አልሆነልኝም። የኛ ቤት ከመቃብሩ ሥር ነው። ንፋስ በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮው ይመታል። ዷ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ዷ ይላል። ሽንኩርት ስከትፍ ዷ። ሻይ ስቀዳ ዷ። ደንበኛ የሚባል ነገር ባይኖርም አንዳንዴ አሮጊቶቹ ይመጣሉ፤ ድምፁን ሲሰሙ ወሬያቸውን አቋርጠው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ማንን ይሆን የሚጠራው እያሉ በሆዳቸው ነው፤ እኔም በሆዴ። አንዷ ታማ ተኛች ሲባል፣ ይቅር በለኝ ሚካኤል፣ እሷ ትሁን ብዬ ተመኘሁ። ተሻላት።

ጋሮማን ለመንሁት፤ ሂድና ድፈነው፣ አንተ ካልቻልህ እኔ በእጄ ልድፈነው። አትንኪው አለኝ። ዶማና አካፋውን የእድር ቤት ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ያውቀኛላ። ለንሳ ደወለች፣ አባዬ ለፍልሰታ ማግስት መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳችኋለሁ፣ እምቢ ካልክ እኔም ሥራዬን ትቼ እዚያው እቀራለሁ አለችው። ይህን ስትለው ፊቱ ተለወጠ። ልጁን እዚያ ጭቃ ውስጥ ማየት አልፈለገም መሰል፣ እሺ አለ። በእውነት እሺ አለ! ዕቃ መሰብሰብ ጀመርሁ። ብርጭቆዎቼን በጋዜጣ ስጠቀልል ከደስታ ብዛት አንጎራጉር ነበር። ፍልሰታ እስኪፈታ ምን ቀረው፣ ያችን ብቻ አሳልፈን እያልሁ እቆጥር ነበር።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ከጎጆ በኩል ኃይለኛ ንፋስ ተነሳ። ቆርቆሮው መምታት ጀመረ። እንደ ወትሮው አልነበረም፤ አንዱ ድንጋይ ሳይወድቅ አልቀረም፣ ይንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ይላቀቃል። ጋሮማ መጽሐፍ ሳጥን ውስጥ እየከተተ ነበር። ተነሳ። የት ነው አልሁት። ድንጋይ ልጨምርበት፣ በርሮ ሰው እንዳይጎዳ አለኝ። ከነገ ወዲያ እንሄዳለን፣ ተወው አልሁት። ዳኛ ነኝ ባዩ፣ ክፍቱን ጥዬው ልሄድ አልችልም አለኝ። ይህን ሲለኝ ፈገግ ብሎ ነበር። ኮቱን ደርቦ ወጣ።

እኔ ብርጭቆዬን መጠቅለል ቀጠልሁ። ቆርቆሮው ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ድንጋዩን ጫነበት ብዬ እፎይ አልሁ። ብርጭቆውን ጨረስሁ፣ ስኒዎቹን ጀመርሁ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ነጠላዬን ሳልይዝ ወጣሁ። እግሬ ቀድሞኝ ያውቅ ነበር።

አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል። ድንጋዩ ጭኑ ላይ ነው፤ ሁለት እጁ እንዳቀፈው ነው። ቆርቆሮው ወዲያ ተገልብጧል፣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ አጠገቡ ነው። ዝም ያለው ቆርቆሮው ስለበረረ ነበር እንጂ ስለተከደነ አልነበረም። ጋሮማ ብዬ ጠራሁት። ጉንጩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እሪ ብል ማን ይሰማኛል። ቤቴ ገባሁና ከሳጥኑ ሥር ጡሩምባውን አወጣሁ። በኛ አገር ሴት ጡሩምባ አትነፋም፤ ያን ቀን የሚከለክለኝም የሚያግዘኝም አልነበረም። ነፋሁት። ከየቤቱ የወጡት ሰዎች የንፍሮ ድስቴን ዙሪያ እንኳ የማይሞሉ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከዘራ የያዙ።

በማግስቱ ግን መጡ። ስልኩ ሁሉንም አዳርሷል፤ ዝናቡም አባርቶ መንገዱ ጠንከር ብሎ ነበር። ከቡራዩ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጉደር፣ ከአምቦ፣ ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ። ጋሮማ ያስተማራቸው ሁሉ፤ የታችኛው ሰፈር ሰው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የድሮ ጸሐፊዎች። ከተማዋ ሞላች። እንደዚያ ሞልታ አይቻት አላውቅም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሊያየው የፈለገውን እኔ ብቻዬን አየሁት፤ አንጀቴ የተቃጠለው ያኔ ነው።

ወንጌላዊው ጉድጓዱ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ያ ሁሉ ወንድ እርስ በርሱ ተያየ። ከመሃል ዓብዲሳ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ክፉ ሳያስብ፣

"የአባቴ ተቆፍሮ የለም እንዴ?" አለ።

ተነሳሁ። እዚያ ውስጥ አይገባም፣ ሌላ ቆፍሩለት፣ ለእናንተ ስንት ዓመት ቆፍሯል እናንተ ለሱ አንድ ቀን ቆፍሩለት አልሁ። ሐፍረት ያዛቸው። ኮታቸውን አውልቀው ዶማ ተቀባበሉ። እጃቸው ለስላሳ ሆኗል፤ ሁለት ሦስቴ ሰንዝረው መዳፋቸውን ያያሉ። በድሉ ብቻ ከልቡ ይቆፍር ነበር፣ እያለቀሰ። ጉልበት ሳይደርስ ከሥር ውኃ መነጨ። በሌላ ቦታ ሞከሩ፤ እሱም ውኃ። ሰማዩ ጠቆረ፤ ሹፌሮቹ ከታች ክላክስ ያሰማሉ፣ ሳይዘንብ እንውረድ እያሉ። ለንሳ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝና እማዬ፣ አባዬ ራሱ የቆፈረው ከፍ ያለው ጥግ ላይ ስለሆነ ደረቅ ነው አለችኝ። ልጄ ናት፤ አቅም አጣሁ።

ገባ። ደረቱ ድረስ ቆሞ በቆፈረው፣ አፈር አልመልስበትም ባለው ጉድጓድ ገባ። ልኩ ነበር፣ አንድ ነገር እንኳ አልጎደለም። ዝናቡ ሳይጀምር ሁሉም ተጭነው ሄዱ።

አሁን አምቦ ከለንሳ ጋር ነኝ። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ተዘጋ ብለውኛል። እድሩ ግን አለ፤ እንዲያውም ደልቧል። እኔም መዋጮዬን እልካለሁ። ምን ላድርግ? እሱ እዚያ ነው። ስቀበር እኔ ከአጥሩ ወዲህ በሚካኤል ግቢ፣ እሱ ከአጥሩ ወዲያ፤ ምሳ ላይ እንገናኝ ይሆናል። ስለዚህ እኔም እንደነሱ ሆንሁ፤ ወደ ጨፌ ሮቢ የምመለሰው ሚኒባስ ላይ ተጭኜ ነው።

ባለፈው በጋ በድሉ ሊጠይቀኝ መጣ። እድሩን አሁን የሚመራው እሱ ነው፣ ከጉደር ሆኖ። ሻይ ቀዳሁለትና ሆዴ ውስጥ የኖረውን ጠየቅሁት፤ እኔ የሞትሁ ቀን ማን ይቆፍርልኛል፣ አንድ ጎረምሳ እንኳ የለም አይደል?

"አይዞሽ እትዬ ባየሽ፣ አታስቢ" አለኝ። "የኦቦ ጋሮማን ብልሃት ነው የያዝነው። አፈሩ ደረቅ ሳለ በቀን ሠራተኛ እያስቆፈርን ከድነን እናስቀምጣለን። በሚካኤል በኩልም ዘንድሮ አንድ አዘጋጅተናል።"

ሻዩን አመስግኖ ጠጣ። ውጭ ንፋስ ነበር፤ የጎረቤት ጣሪያ ላይ የላላ ቆርቆሮ ይመታል። በሚካኤል በኩል ያዘጋጁት የማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።